ሥራ የሌለው ሰው ማስተርስ አይማርም እንዴ?

ሰላም አዘጋጆች። በአካውንቲንግ ተመርቄ ሦስት ዓመት ባንክ ሠርቻለሁ፤ ከሥራ ከወጣሁ ግን ይኸው ስምንት ወሬ። ቁጭ ከምል ብዬ ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ለመማር ተነሳሁ። ጋት የሚሉትን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለፍኩ፣ ከባዱ እሱ መስሎኝ ነበር። ለካ ገና ነው። ፎርሙ ላይ «አሁን የሚሠሩበት መሥሪያ ቤት» ይላል፤ «የለኝም» ብዬ ሞላሁ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አየት አድርጋ «ታዲያ ማን ሊከፍልልህ ነው?» አለችኝ። እኔው ነኛ!

ደግሞ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አለ፤ የተመረቅኩበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የሚልከው የውጤት ማስረጃ። እሱ እንዲላክ የወጪ መጋራት ዕዳ (መንግሥት ለዲግሪ ትምህርቴ ካወጣው የእኔ ድርሻ) ማለቅ አለበት። ሥራ ያለው ሰው ከደሞዙ እየተቆረጠ ቀስ ብሎ ይከፍላል፤ የእኔ ከምኑ ይቆረጥ? ያጠራቀምኳት ብር ከመጀመሪያው ሴሚስተር ክፍያ አታልፍም። ወንድሜ «የሆነ ሱቅ ‹እኛ ጋ ይሠራል› የሚል ደብዳቤ ይጻፍልህና ተገላገል» ይለኛል፣ ብዙ ሰውም እንደዚያ ያደርጋል አሉ። እኔ በውሸት ማኅተም ተማሪ መሆን አልፈልግም። የሦስት ዓመት ልምዴ እኮ ሥራ ስላጣሁ አልተሰረዘም። ትምህርት ቤቶቹ በራሱ ከፍሎ የሚማር አመልካች ምን ማቅረብ እንዳለበት ማስታወቂያቸው ላይ በግልጽ ይጻፉልን፣ ሁለት ሁለት ታክሲ እየያዝን አንመላለስ።

ሥራ ፈላጊው፣ ከኮተቤ