ጉማሬውን አብረን እንየው

ይድረስ ለእማዬ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ባለፈው ስልክ ላይ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብለሽ አለፍሽኝ። ጎረቤታችን ግን ደረጃ ስትወጪ እንደሚያምሽ ነግራኛለች። ለዚህ ነው ዛሬ በደብዳቤ የመጣሁት። በስልክ ቢሆን ገና ስጀምር «ተይው እስቲ ልጄ» ትዪኛለሽ።

ኅዳር ላይ ፈቃድ ወስጃለሁ። መንገዱ እንደሚያሳስብሽ ስለማውቅ የምመጣው በአውሮፕላን ነው። ከጾመ ነቢያት በፊት ባለችው ቅዳሜ እኔና አንቺ ጣና ላይ ወዳለችው ደሴት፣ ደብረ ማርያም፣ እንሄዳለን። ኅዳር 15 ጾሙ ከገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምሺ ፀሐይ ላይ መዋል ነው፤ እሱን አልፈልግም። ኅዳር 21 ደግሞ ጽዮን ናት፤ የሕዝቡን ግፊያ ጉልበትሽ አይችለውም።

ጣናን በየቀኑ ታዪዋለሽ። እኛን ያሳደግሽው እዚያው አጠገቡ ነው። ግን አንድም ቀን ጀልባ ላይ ወጥተሽ አታውቂም። ሁሌ ዳር ቆመሽ የምትሸኚ አንቺ ነሽ።

ብዙ ቦታ አስቤ ነበር። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባበትም፤ አባዬ በሕይወት እያለ ተሳልሞ መጥቶ ሲያወራልሽ ዝም ብለሽ ትሰሚው እንደነበር አስታውሳለሁ። ዘጌን በጣም እወደዋለሁ። ቡናው በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ነው የሚያድገው፤ ጦጣዎቹም ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ይታያሉ። ግን ከጀልባ ወርዶ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለው መንገድ ድንጋይና ዳገት ነው። ደብረ ማርያም ቅርብ ናት። ዓባይ ከጣና የሚወጣበት አፍ ላይ ናት። ጉማሬዎቹም ያሉት እዚያ አካባቢ ነው።

ስለ ጉማሬው አንድ ነገር ልንገርሽ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤት ጣና ላይ ሊወስደን ገንዘብ ጠየቀ። አንቺ ለሽሮ እህል ካስቀመጥሽው ላይ ቆጥረሽ ሰጠሽኝ። ማታ ስመለስ በር ላይ ቆመሽ «ጉማሬ አየሽ?» አልሽኝ። «ሦስት አየሁ» አልኩሽ። እማዬ፣ አንድም አላየሁም። ያን ቀን ያየሁት ውሃና ወፍ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ብር ወጥቶ «አላየሁም» ማለት አቃተኝ። ከዚያ ለቡና ለመጣው ሰው ሁሉ ስለ ሦስቱ ጉማሬዎች ስታወሪ ሰማሁሽ። ይኸው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

አሁን እንዴት እንደሚታይ አውቄያለሁ። ቀን ቀን ፀሐዩ ቆዳውን ስለሚያደርቀው ውሃ ውስጥ ይውላል። ሣር ሊግጥ የሚወጣው ማታ ነው። ቀን የሚታየው ጆሮው፣ ዓይኑና አፍንጫው ብቻ ነው፤ ሩቅ ላለ ሰው ድንጋይ ይመስላል። ለመተንፈስ ግን በየአምስት ደቂቃው ገደማ ብቅ ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ባለጀልባው ሞተሩን ያጠፋልናል፤ እኛ ዝም ብለን እንጠብቃለን። አንጠጋም። ከ1,500 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችል እንስሳ ነው፣ በተለይ ግልገል ካለው ኃይለኛ ነው።

እየጠበቅን ወፎቹን ታያለሽ። ፔሊካኑ በመንቆሩ ሥር እንደ ከረጢት ያለ ቆዳ አለው፤ ዓሣውን ከነውሃው ይዝቅና ውሃውን አፍስሶ ይውጣል። አንዲት ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ወፍ ደግሞ አለች። አየር ላይ ክንፏን እያርገበገበች ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ከዚያ ተወርውራ ውሃው ውስጥ ትገባለች። እሷን ትወጃታለሽ። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉም ያልፋሉ። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ሥራ ሲያበቃ ዳር አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል።

«ውሃው ጥልቅ ነው» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። የጣና በጣም ጥልቁ ቦታ ራሱ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ እኛ ደግሞ ከዳር ብዙ አንርቅም። ቢሆንም ተንሳፋፊ ጃኬት ሳናደርግ አንነሳም፤ እኔም አደርጋለሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንሳፈራለን። ጠዋት ሐይቁ ይረጋል፤ ነፋሱና ማዕበሉ የሚነሳው ከሰዓት ነው። በምሳ ሰዓት ዳር እንወጣና ቀረሶ ዓሣ ጠብሰው ያቀርቡልናል። ጥላ ያለው ጀልባ እንዲያዝልን ወንድሜን ነግሬዋለሁ። ስለ ሂሳቡ እንዳትጠይቂው፣ ከፍያለሁ።

እምቦጩ ያስጨንቅሽ እንደሆነ፣ በብዛት የወረረው የሰሜንና የምሥራቁን ዳርቻ ነው።

አንቺ የምታዘጋጂው ትንሽ ነው። ነጠላሽንና ሰፊ ባርኔጣ ያዢ። ቤተ ክርስቲያኑን ስንሳለም ተቀምጠሽ የምታርፊበት በርጩማ እኔ እይዛለሁ። ደክሞኛል ካልሽ ወዲያው እንመለሳለን፤ ለኔ ብለሽ እንዳትችዪው።

ጉማሬው ካልወጣ አልወጣም። ለጎረቤት «አላየንም» ብለን አብረን እንነግራለን፣ ሌላ ጊዜም እንሄዳለን።

የጫማ ቁጥርሽ አሁንም 38 ነው? ከጀልባ ስትወርጂ የማያንሸራትት ልግዛልሽ። እስከ ሰኞ ንገሪኝ።

ልጅሽ