በር ለከፈታችሁልኝ የመንዝ እናቶች

ባለፈው ሳምንት የዶክትሬት ዲፌንሴን ጨረስኩ፤ ጥናቴ የመንዝ እናቶች ከወለዱ በኋላ ስለሚደረግላቸው ክትትል ነው። «አልፈሻል» ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ጫማዬን ማውለቅ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሲቆነጥጠኝ ነው የዋለው። ስልኬን ስከፍት የእንኳን ደስ ያለሽ መልእክት ተደርድሯል። ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላልቻልኩ እዚህ ልጻፈው። ደግሞ ከማመሰግናቸው ሰዎች አብዛኞቹ ፌስቡክ የላቸውም። የምታገኟቸው አድርሱልኝ።

ሥራ የጀመርኩት መንዝ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ፤ ጋቢ እንኳን ሳልይዝ ነበር የሄድኩት። የመንዝን ብርድ የምታውቁ ሳቁብኝ። ሌሊት መብራት ሲጠፋ እኔ አዋልዳለሁ፣ የጽዳት ሠራተኛችን ስልኳን ታበራልኛለች። ብርሃኑ የእናቲቱ ዓይን ላይ እንዳያርፍ በመዳፏ ከለል ታደርገዋለች። ይህን ማንም አላስተማራትም። የመጀመሪያው ምስጋና የእሷ ነው።

ከእነዚያ ሌሊቶች በአንዱ አንዲት ልጅ ወለደች። ልጅ ያልኩት ልጅ ስለነበረች ነው። በማግስቱ ወደ ቤቷ ስትሄድ «በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያ በሳምንትሽ ተመልሰሽ ነይ» አልኳት። አልመጣችም። መዝገቡ ላይ «አልተመለሰችም» ብዬ ጻፍኩ። እውነቱን ልናገርና «እነዚህ ሰዎች እኮ አይሰሙም» ብዬ አምቻታለሁ።

ከወር በኋላ ለክትባት ሰፈራቸው ሄድኩ። በጓሳ ሣር በተከደነች ቤት፣ እሳቱ አጠገብ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ለምን እንደቀረች ጠየቅኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ሲስተር፣ እኔ አራስ ነኝ። አንቱስ መቼ መጡ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቡናዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ጥናቴ ግን የተጀመረው እዚያች ቤት ውስጥ ነው።

በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ1992 ዓ.ም. ከ100 ወሊዶች ጤና ተቋም ውስጥ የነበሩት 5 ያህል ብቻ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 ደረሱ። እኛ አዋላጆች በዚህ ብንኮራ አይፈረድብንም። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ግን ከወለዱ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ የታዩት እናቶች ከ100 ውስጥ 17 ናቸው። ደም መፍሰስ ብዙ እናት የሚወስደው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ነው። ጤና ጣቢያ ነይና ውለጂ እያልን ስናስተምር ከረምን፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ለገንፎውና ለእመቤታችን ትተነዋል። አራስ ደጅ ከወጣች ምች ይመታታል በሚባልበት አገር ተመልሰሽ ነይ ማለት ምን ማለት ነው? ልጅቷ የነገረችኝ ይህንኑ ነበር፣ ያለ ቁጥር።

የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ የእያንዳንዷን አራስ ቤት በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ያለ እናንተ የትኛውን በር አንኳኳ ነበር?

መረጃ ሰብሳቢዎቼ፣ ትልቁ ችግራችን አማቶች ነበሩ። ልጅቷን ስንጠይቅ አማቷ ትመልሳለች። ለብቻዋ ለማነጋገር አንዳችሁ አማትየዋን «እስቲ በጎችዎን ያሳዩኝ» እያላችሁ ስንት ጋጣ ዞራችሁ! በኋላማ የበግ ዋጋ ከነጋዴ ይልቅ እናንተ ታውቁ ነበር። አንዷ አማት ግን ነቃችብን። «እኔንም ጠይቁኝ እንጂ፤ እኔም በ13 ዓመቴ ነው የወለድኩት» አለች። ቅጹ ላይ ለእሷ ቦታ አልነበረንም። ደብተር አውጥቼ እስኪመሽ ጻፍኩ።

የዕድሜ ነገርማ አይነሳ። የቤተሰብ ሕጉ ለጋብቻ 18 ዓመት ስለሚል ሁሉም 18 ነው። አንዷ በ2015 ዓ.ም. ስንጠይቃት «18 ሞልቶኛል» አለች። ቆየት ብላ ጨዋታው ሲደራ «የ2007ቱ ምርጫ ጊዜማ ትዝ ይለኛል፤ የፊት ጥርሴ ወልቆ ጣራ ላይ የወረወርኩት ያኔ ነው» አለች። እናንተው አስሉት። መረጃ ሰብሳቢዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ዝም አለች። ከዚያች ቀን በኋላ ዓመት መጠየቅ ትተን ጥርስ፣ ክፍል፣ የታናሽ ወንድም ልደት መጠየቅ ጀመርን።

በበቅሎ ያመላለሱን አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወንዝ ስንሻገር እኔም ታብሌቱም ስንወድቅ መጀመሪያ ያነሱት በቅሎዋን ነበር። አልተቀየምኩም፤ ከሦስታችን ውድ እሷ ናት።

አንድ መሥሪያ ቤት የትብብር ደብዳቤዬን ሰባት ወር «ፊርማ ላይ ነው» ብሎኛል። ፊርማውን አላመሰግንም። በረኛውን ግን አመሰግናለሁ፤ በተመላለስኩ ቁጥር ሻይ ሳይጋብዘኝ ሸኝቶኝ አያውቅም።

አማካሪዬ፣ ጽሑፌን ሦስት ጊዜ መለሱልኝ። ሦስተኛው ላይ በሆዴ ረግሜዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ፤ ልክ ነበሩ። ባለቤቴ፣ ያንተን ምስጋና ቤት ውስጥ እንጨርሰዋለን።

እማዬ፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ በአንድ ነጠላ ደብረ ብርሃን መጣሽ። ሰላም ሲሆን ትመለሻለሽ ስል «ልጅሽን ማን ሊይዝልሽ?» ብለሽ ቀረሽ። እኔ ስጽፍ ሁለት ጋቢ ደርበሽ ልጄን አዝለሽ ስትዞሪ በመስኮት አይሽ ነበር። አንድም ቀን መቼ ነው የምትጨርሺው አላልሽኝም።

ከመስቀል በኋላ መንገዱ ሲደርቅ ወደ መሐል ሜዳ እወጣለሁ። ያገኘነውን በየጎጡ እነግራችኋለሁ፤ የነገራችሁኝን መልሼ። ቡናው በጨው ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ንገሩኝ፤ እስከዛሬም አልለመድኩትም።