ዋቺፒ ከመሄዳችን በፊት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በስልክ «እነዚያ ቀይ ህንዶች የሚባሉት አሁንም አሉ ወይ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። አሉ። ሐምሌ ላይ ሲመጡ ከምንኖርባት የአሜሪካ ከተማ ከሱ ፎልስ በስተሰሜን ወዳለችው ፍላንድሩ እወስድዎታለሁ፤ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ከእነዚያ ከጠየቁኝ ሕዝቦች ወገን የሆኑት ዳኮታዎች በየዓመቱ እዚያ ዋቺፒ ያደርጋሉ። የከበሮና የጭፈራ በዓል ነው፤ ሌላው ሰው ፓውዋው ይለዋል። ከመሄዳችን በፊት ማወቅ የሚገባዎትን ልጻፍልዎ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስማቸው። «ቀይ ህንድ» የሚለውን እዚህ አይጠቀሙበት። «ሱ» የሚለውም ጎረቤቶቻቸው ያወጡላቸው፣ ፈረንሳዮች ደግሞ ያሳጠሩት ስም ነው። እነሱ ራሳቸውን ዳኮታ ወይም ላኮታ ይላሉ፤ ወዳጅ፣ አጋር ማለት ነው። «ንጹሕ ነህ ወይስ ድብልቅ?» ብለው እንዳይጠይቁ አደራ። እኛ ዘር መቁጠር ልማዳችን ነው፤ እዚህ ግን መንግሥት ደማቸውን በግማሽና በሩብ እየከፈለ ሲመዘግብ ስለኖረ ጥያቄው ቁስል ይነካል። «አገርዎ ወዴት ነው? ቤተሰብዎስ እነማን ናቸው?» ቢሏቸው ግን ደስ ብሏቸው ያጫውትዎታል።

መንግሥትን ለምን እንደማያምኑ ለማወቅ ከእሱ ጋር የገቧቸውን ውሎች ማየት ይበቃል። በ1858 ያንክተን የሚባሉት ወገኖቻቸው ከቢግ ሱ ወንዝ እስከ ሚዙሪ ወንዝ ያለውን ከ11 ሚሊዮን ኤከር የበለጠ መሬት በውል ለቀቁ። ክፍያው 1.6 ሚሊዮን ዶላር፣ ያውም በ50 ዓመት ተከፋፍሎ የሚሰጥ ነበር። እርስዎ በሚያውቁት ልክ ላስላልዎ፦ ጋሻ መሬት መቶ ኤከር ያህል ስለሆነ አንዱ ጋሻ 15 ዶላር እንኳ አላወጣም። የምንኖርባት ከተማ በዚያ መሬት ላይ ናት። «እኛ ትናንት የመጣን ስደተኞች ነን፣ ምን አገባን» የሚሉ ወገኖቻችን አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም፣ የቤት ኪራዩን የምንከፍለው እዚያው መሬት ላይ ነው።

የብላክ ሂልስ ተራሮች ነገር ደግሞ የባሰ ነው። በ1868 ፎርት ላራሚ ላይ በተፈረመው ውል ተራሮቹ የላኮታዎች ሆነው ጸኑ። አንቀጽ 12 ከመሬቱ ላይ አንዳች ለመልቀቅ ከአዋቂ ወንዶች ከአራቱ ሦስቱ መፈረም አለባቸው ይላል። በ1874 ወርቅ ተገኘ። በ1876 የአሜሪካ ምክር ቤት ተራሮቹን ካልለቀቃችሁ ቀለብ አይሰፈርላችሁም አለ፤ ጎሹ ተጨፍጭፎ ሕዝቡ ከመንግሥት በሚሰፈርለት ዱቄትና ሥጋ በሚኖርበት ጊዜ ነው ይህ። ያኔ የፈረመው ከአዋቂው ወንድ አንድ አሥረኛው ብቻ ነበር። በ1877 ግን መሬቱ በሕግ ተወሰደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1980 ካሳ ይገባቸዋል ብሎ ከነወለዱ ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ አስወሰነላቸው። አልነኩትም። ገንዘቡ በመንግሥት እጅ ሲወልድ ቆይቶ ዛሬ ከአንድ ቢሊዮን አልፏል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ድሆች ሆነው እንዴት እንቢ ይላሉ?» ይላል፤ ርስት ምን እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ገንዘቡን መቀበል ሸጥን ብሎ መፈረም ነው።

አሁን ወደ በዓሉ። የሜዳው ዙሪያ ላይ ብርድ ልብስ የተነጠፈባቸው ወንበሮች የጨፋሪዎቹ ናቸው፤ እኛ የራሳችንን ታጣፊ ወንበር ይዘን ከኋላ እንቀመጣለን። መግቢያው ሲጀመር የንስር ላባ የታሰረበት በትርና ባንዲራዎቹ ከቀድሞ ወታደሮች ጋር ይገባሉ። ያኔ ይነሡ፣ ባርኔጣዎንም ያውልቁ። የለበሱት የክብር ልብስ ነው፣ አንዳንዱም ከአያት የወረደ፤ እጅ አይነካውም፣ ሳይጠይቁም ፎቶ አይነሣም። መሬት ላይ የወደቀ ላባ ካዩ እንዳያነሡት! የሚነሣበት ሥርዓት አለው፤ ለሥርዓት አስከባሪው መንገር ብቻ ነው። የንስር ላባ ለመታሰቢያ ወደ አገር ቤት መውሰድም በፌዴራል ሕግ ያስቀጣል።

ሽማግሌ ቀድሞ ይበላል፤ ሽበትዎን ያየ ወጣት ሳህን ሊያመጣልዎ ይችላል። እንደ እኛ «ኧረ በቃኝ» እያሉ እስኪለመኑ አይጠብቁ፣ ይቀበሉ። ስጦታ ቢሰጥዎትም እንዲሁ፤ መመለስ ሰጪውን ማዋረድ ነው። ተቀብለው የሰጪዎቹን እጅ ይጨብጣሉ፣ ጠበቅ ማድረግም ዓይን ላይ ማፍጠጥም አያስፈልግም። እዚያ የሚቀርበው በስብ የተጠበሰ ዳቦ መንግሥት ይሰፍርላቸው ከነበረው ከዚያው ከቀለቡ ዱቄትና ስብ የመጣ ምግብ ነው። አንዳንዱ በአሳማ ስብ ስለሚጠብሰው መጀመሪያ እኔ እጠይቃለሁ። ዓርብ ዕለት ከሄድንም ጾምዎን አውቃለሁ።

አንድ ነገር እንዳይከብድዎ እፈራለሁ። ከሽማግሌ ታሪክ ወይም ጸሎት የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ትንባሆ ያቀርባል። በእኛ ዘንድ ትንባሆ ነውር ነው፤ እዚያ ግን የጸሎት ነገር ነው፣ ማጨስም ግዴታ አይደለም፤ እንደ ዕጣን ይቁጠሩት። ሽማግሌው ከተቀበለ ጥያቄዎን ተቀበለ ማለት ነው። ካልተቀበለ ነገሩን እንተወዋለን፣ ለምን ብለን አንጠይቅም። ከተቀበለም ጨርሶ እስኪናገር ዝም ነው፤ ረጅም ዝምታ ቢመጣ ጨረሰ ብለው ቃል እንዳያቀብሉት።

ትንባሆውን እኔ እገዛለሁ። ቡናም እዚያ ደኅና ስጦታ ነው፣ ስለዚህ ለእኔ ከሚያመጡት ላይ አንድ ኪሎ ይጨምሩ። ጥሬውን ሳይሆን ተቆልቶ የተፈጨውን፤ ለመቁላትና ለመውቀጥ እዚያ ምቹ አይደለም።

ልጅዎ