የዚያ ፎቶ ጉዳይ

ሰላም የችግኝ ማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ሳምንት «አውሮፕላን መርዝ እየረጨ ዝናባችንን ከለከለ» የሚለውን ፎቶ የላክሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ። ሰማይ ላይ የሚታየው ነጭ መስመር ከሞተሩ የሚወጣው እንፋሎት ነው፤ በከፍታው ብርድ ወደ በረዶ ቅንጣት ይለወጣል። ሳላጣራ ላክሁት፣ ለዚያውም ከቅዳሴ መልስ!

«ጮቄ ተራራ ላይ ውርጭ ገብሱን መታው፤ ታዲያ የምን ሙቀት?» ያላችሁም አላችሁ። የአንድ ሌሊት ውርጭ የዕለት አየር ነው። የአየር ንብረት የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የ30 ዓመት አማካይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2020 ዓለም ከ1850–1900 ከነበረው በ1.1 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሞቃለች። ዋናው ምክንያትም የምናቃጥለው የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ ነው።

ግን እኛ ተቆርቋሪ ነን ባዮቹም አንዋሽ። ምንጭ በደረቀ ቁጥር «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ማለት ይቀናናል። ምንጩ አፍ ላይ ባሕር ዛፍ የደረደረው ማን ሆነና?

ከእንግዲህ ፎቶ ስትልኩ የትና መቼ እንደተነሣ ጻፉ። ካላወቃችሁ ተዉት። የእኔን ፎቶ ለአጎት ለአክስት ያስተላለፋችሁ፣ ይህንንም አድርሱልኝ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ