ጨዉን ስንት አልሽኝ?

እማዬ፣

እንደምን ከረምሽ? የጉልበትሽ ቁርጥማት ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በረዶ ጥሎ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ልጆቹ ቤቱን ገልብጠውታል። ትልቋ የፊት ጥርሷ ወልቆ "አያቴ ትየኝ" እያለች ነው። ትንሹ ማንበብ ጀምሯል፤ ሀሁ ግን ገና ነው፣ አትቆጪኝ።

የገናን ድፎ እኔው ራሴ ጋገርሁት። ሁለት ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ እርሾ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላል፤ ያልሽኝን ሁሉ አንድ በአንድ። ኮባ ስለሌለ በሙዝ ቅጠል ጠቀለልሁት። ሊጡን አንቺ ለደብረ ብርሃን ብርድ እንደምታደርጊው በጋቢ ሸፍኜ ማሞቂያው አጠገብ ባስቀምጠው ኩፍ ብሎ ክዳኑን ገፋው። ሚስቴ "ልጆቹን እንኳ እንዲህ አላስተኛሃቸውም" ብላ ሳቀችብኝ። እሳት ከላይ ከታች ማድረግ እዚህ የለም፤ ኦቨን ውስጥ በ350 ፋራናይት አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። ቅጠሉ ማረር ሲጀምር የወጣው ሽታ ግን የአንቺው ማጀት ነው።

ማጀትሽን ካነሳሁ አይቀር። የአስር ዓመት ልጅ ሳለሁ በፋሲካ ዋዜማ፣ ላግዝሽ ብዬ እጄን ታጥቤ ስገባ ጎረቤቶች ፊት "ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል!" ብለሽ በማማሰያ አባረርሽኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እስከ ስምንተኛ ክፍል የሰፈሩ ልጅ ሁሉ "ማጀቴ" ሲለኝ ኖረ። አንቺ ረስተሽው ይሆናል፤ እኔ ዛሬም ሊጥ ስነካ በሩን ዞር ብዬ አያለሁ። አባዬ ሲያርፍ ደግሞ "ና ባርከህ ቁረስ" አልሽኝ። ለመቁረስ ሲሆን ወንድ ተፈለገ!

ተዪው። ልወቅስሽ አልነበረም የተነሳሁት።

ዳቦው አልጫ ሆነ፤ ልጆቹ ማር እየቀቡ በሉት። ለእንቁጣጣሽ በስልክ ስትነግሪኝ የጻፍሁትን ወረቀት ፈልጌ አየሁት፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው ይላል። የገና ዋዜማ ዕለት ጨው የሚል ነገር ከአፍሽ አልወጣም፤ የኮባውን አነጣጠፍ ግን ሦስት ጊዜ ነገርሽኝ። ለደም ግፊትሽ ጨው ስለተከለከልሽ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ልጄንም በእህቴ ስም ጠራሻት። "እሷ እኮ አክስቴ ናት" ስትልሽ ሳቅሽ፤ እኔም አብሬሽ ሳቅሁ።

እህቴን እንዳትቆጪያት እንጂ፣ ምጣድ ጥደሽ ቤተ ክርስቲያን መሄድሽን ነግራኛለች። እባክሽ እማዬ፣ ብቻሽን ስትሆኚ እሳት አታንድጂ። የላክሁት ብር ለበግ አይደለም፣ ለሐኪም ነው። ማክሰኞ ትወስድሻለች፤ ግፊቱን ሲለኩልሽ ስለ ጨዉም ንገሪያቸው። አንቺ ካልነገርሽ እሷ ትነግራቸዋለች።

ለፋሲካ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ፤ ቲኬት ቆርጫለሁ። እኔ አቦካለሁ፣ አንቺ ምድጃው ዳር ተቀምጠሽ ትቆጪኛለሽ። እስከዚያው ደውዪና ጨዉ ስንት እንደሆነ ንገሪኝ። ወረቀቱ አለኝ፤ ከአንቺ ልስማው ብዬ ነው።

ልጅሽ