የኮምፒውተር ክበብ፦ አራት ማሽንና አንድ ቶርኖ

ቅዳሜ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላብ በር ላይ ተደርድሮ የምታዩት ጫማ የእኛ ልጆች ነው። የድሬን አቧራ ታውቁታላችሁ፤ ለማሽኖቹ ሲሉ ባዶ እግራቸውን ይገባሉ።

«ለምን አሮጌ ፕሮግራም ታስተምራለህ?» ያሉኝ ባልደረቦች አሉ። እዚሁ ልመልስ። የምንሠራበት ፕሮግራም ሲመንኪ ይባላል። ብሮውዘሩ፣ ኢሜይሉ፣ የአድራሻ መዝገቡ፣ ድረ ገጽ መሥሪያው ሁሉም በአንድ ላይ ነው የሚመጣው። በነፃ ነው፤ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። ያሉን አሮጌ ኮምፒውተሮችም ይችሉታል። ከሁሉ በላይ ኮምፖዘር የሚባለው ገጽ መሥሪያው ኢንተርኔት ሳይኖር ይሠራል። በእኛ ላብ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ታሪኩንም ነግሬያቸዋለሁ። ሞዚላ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ሁሉንም በአንድ የያዘውን የድሮውን ጥቅል ትቶ በፋየርፎክስ ብሮውዘርና በተንደርበርድ ኢሜይል ላይ አተኮረ። ጥቅሉን የሚወዱት ሰዎች ግን ተረከቡት። እ.ኤ.አ. በ2006 ሲመንኪ ብለው የመጀመሪያውን እትም አወጡ፤ ዛሬም የሚጠግኑት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ክፍል ውስጥ ይሄን ስናገር ግማሹ ልጅ ያዛጋ ነበር።

በየካቲት ከዚራ ሰፈር ወደሚገኘው የድሮው ምድር ባቡር ወርክሾፕ ወሰድኳቸው። አንድ አዛውንት ቶርኖው ላይ፣ ብረት እያዞረ በሚቀርጸው ማሽን፣ እየሠሩ ነበር። «ይሄን ዕቃ የሚሠራው ፋብሪካ የለም። ልኩን ግን እኛ እናውቀዋለን» አሉ። የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን ዞር ብላ አየችኝና «ቲቸር፣ ሲመንኪ!» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። እኔም መልስ አልወጣኝም።

ልጅቷ ስለ ወርክሾፑ ገጽ ሠራች። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ከደረሰበት ጊዜ ነው የምትጀምረው። አያቷ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ አንድ ቅዳሜ ይዛቸው መጣች። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ እያሉ አነበቡ። ከዚያ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። «የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ የብረት መቁረጫ አይደለም። ቶርኖ ነው።» እዚያው አጠገባቸው ቃሉን አጥፍታ «ቶርኖ» ብላ ጻፈች፤ ሴቭ አደረገች። እሳቸው እስኪጨርሱ ድረስ ላቡ ውስጥ ድምፅ አልነበረም።

ሌላው እንደተለመደው ነው፤ የድረ ገጽ መጻፊያው ኤችቲኤምኤል፣ የአማርኛ ታይፕ፣ ለፈተና ሰሞን እረፍት።

የጎደለውንም ልናገር። አንዳንድ አዳዲስ ድረ ገጾች ሲመንኪ ላይ በደንብ አይከፈቱም። በግንቦት መብራት ሄዶ ሲመለስ ከስድስቱ ኮምፒውተሮች ሁለቱ ተቃጠሉ። የሦስት ሳምንት ሥራም አብሮ ጠፋ። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆየውን ዩፒኤስ ለመግዛት ያመለከትነው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ለበዓላችን ድንኳን የተከፈለው ኪራይ ግማሹ ይበቃን ነበር።

አሁን የምንፈልገው አንድ ዩፒኤስና አራት ራም (የኮምፒውተር ሜሞሪ) ነው። ቤታችሁ የተበላሸ ኮምፒውተር ካለ ለቆራሌው አትስጡት፤ ልጆቹ ፈታተው የሚሆነውን ያወጣሉ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ አለን። ገጹንም እናሳያችኋለን።