ለሙሸበክ፣ ከድሬ

ውድ ሙሸበክ፣

የድሮ ቅጽል ስምሽን ስጽፈው ራሴ ሳቅኩ። ባልሽ አጠገብ እንዳታነቢው፤ ከየት መጣ ብሎ ይጠይቅሻል።

ጠፋሁ፤ አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ ደውለሽ አላነሳሁም። በሦስተኛው «በኋላ እደውላለሁ» ብዬ ጻፍኩልሽ። ያ «በኋላ» ይኸው ዓመት ከአራት ወር ሞላው። ለእናትሽ ለእማማ ለቅሶም አዳማ ድረስ አልመጣሁም። ምክንያቴን ጽፌው ነበር፤ ሳነበው ግን ለራሴም አልዋጥልኝ አለ፤ ቀደድኩትና እንደገና ጀመርኩ። ይቅር በይኝ። ስንገናኝ እንደ ልብሽ ትሰድቢኛለሽ፤ ቃል አልመልስም። አሁን ግን ጉዳይ አለኝ። «ድሮስ ጉዳይ ሳይኖራት መቼ ትጽፋለች» ስትዪ ይሰማኛል። አቦ ተይኝ፣ ስሚኝ ብቻ።

አባዬ ባሕር ልግባ ብሏል።

አዎ፣ አባዬ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ከድሬ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ድሬ በባቡር የተመላለሰው ሰውዬ ባሕር ገብቶ አያውቅም። እኔም ያወቅኩት ባለፈው ወር ነው። ማታ ፈጢራ እየበላን ልጄ «አያቴ፣ ባሕር ውስጥ ዋኝተሃል?» አለው። «እኔ የምሄደው ለሥራ ነው። ከወደቡ ሆኜ አየው ነበር። እግሬን እንኳ አልነከርኩም» አለ። ከዚያ ሻዩን ፉት አለና «ይቆጨኛል» አለ። አባዬ «ይቆጨኛል» ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ባቡሩ ሲቆም እንኳ አላለም።

በቃ፣ ታኅሣሥ ላይ ጅቡቲ ልንሄድ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ያለውንማ አንቺ እዚያ ሳለሽ ትነግሪኝ ነበር፤ ከ40 ዲግሪ በላይ፣ በዚያ ላይ አሸዋ አንስቶ ፊት ላይ የሚደፋ ነፋስ። ታኅሣሥ ይሻላል። የት እንደምንሄድ ግን እስካሁን አልተስማማንም። አራት ሰዎች ነን፣ አራት አገር ነን።

ባሌ ሙሻ ደሴት ይላል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አንዱ ሄዶ ፎቶ ተነስቶ መጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ሙሻና ማስካሊ ካላልን ሞቼ እገኛለሁ ባይ ሆኗል። ውሃው እንደ መስታወት ነው አሉ። ግን እዚያ የሚደረሰው በጀልባ ነው። የአባዬን ጉልበት ታውቂዋለሽ፤ ባጃጅ ላይ ለመውጣት እንኳ ሁለት ሰው ይፈልጋል። የምትወዛወዝ ጀልባ ላይ ማን ያወጣዋል?

ልጄ ደግሞ አርታ ፕላዥ አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ዓሣ ነባሪ ሻርክ እዚያ አካባቢ እንደሚመጣ ከስልክ ላይ አይቷል። ሻርክ ሲባል ደንግጬ ነበር፤ ለካ ሰው አይነካም፣ አፉን ከፍቶ እየዋኘ በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ነገር ከውሃው ያጣራል። ሲያድግ 12 ሜትር ይደርሳል፤ እዚያ የሚመጡት ግን አብዛኞቹ ገና ጎረምሶች ናቸው አሉ። ልጁ «እማዬ፣ እሱም ልጅ ነው፣ እኔም ልጅ ነኝ» ብሎ ይከራከረኛል። ምን ልበለው? ሻርኩን ለማየት ግን ያው ጀልባ ነው፣ መዝለልም አለበት። ዳሩም ኮራል የሚሉት ስለታም የባሕር ድንጋይ ይበዛዋል ስትዪ የሰማሁ መሰለኝ። አንቺ ነሽ የባሕር ጃርት እሾህ ተረከዝሽ ውስጥ ገብቶ ሳምንት ያነከስሽው፣ ወይስ ሌላ ቦታ ነበር?

ዶራሌን ትተነዋል። ወደብ አጠገብ ነው፤ አባዬ «ወደብ ለማየት ከሆነ አይቼዋለሁ» አለ፤ እውነቱን ነው። ሖር አምባዶ ለከተማው ቅርብ ነው፣ መኪና ይገባል። ግን ዓርብ ዓርብ የከተማው ሰው ሁሉ እዚያ ነው ብለሽኝ ነበር። አባዬ ደግሞ (ይህን ለማንም እንዳትነግሪ) ሰው እያየው ልብሱን ማውለቅ ያፍራል። በሽርጥ ነው የምገባው ብሏል። «ገጠር የሆነ፣ ፍየልና ዓሣ አጥማጅ ብቻ ያለበት ቦታ ፈልጊልኝ» ይለኛል። ሰባ አምስት ዓመቱ ነው፤ እንደ ሙሽራ ይሽኮረመማል።

ኦቦክም ተነስቶ ነበር። ገጠርማ ከሱ ወዲያ የለም። ልቤ ግን እምቢ አለኝ። የኛ ልጆች ወደ የመን ሲሻገሩ የሚሳፈሩት ከዚያ ዳርቻ ነው፤ ስንቱ ጀልባ እዚያ ተገልብጧል። ከሰፈራችን የሄዱትን አንቺም ታውቂያቸዋለሽ። እዚያ አሸዋ ላይ ፎጣ ዘርግቼ ሙዝ መላጥ አልችልም።

የቀረው ታጁራ ነው፤ ሳብል ብላን። ስሙ ራሱ ነጭ አሸዋ ማለት ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ፤ ከተማዋም መስጊዷ የበዛ፣ ቤቶቿ ነጫጭ፣ ሰው ቀስ ብሎ የሚሄድባት ናት ብለሽኛል። ውጭ አድረሽ ሌሊት ተነስተሽ ብቻሽን ውሃው ውስጥ መቀመጥሽንም ነግረሽኛል። ያኔ ሰምቼ ዝም አልኩ፤ በሆዴ ግን ቀንቼብሽ ነበር። ይኸው ነገርኩሽ።

እንግዲህ ጥያቄዎቼ። ዳሩ ላይ ወለሉ አሸዋ ነው ወይስ ወዲያው ኮራል ነው? ውሃው ሲሸሽ ስንት እርምጃ ያስሄዳል? መኪናው የት ይቆማል? ጥላ አለ? ሽንት ቤቱ የሚቀመጡበት ነው ወይስ ቁጢጥ የሚባልበት? አትሳቂ፤ ለጉልበቱ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

መሻገሪያውም አልተወሰነም። በፌሪ ባሕረ ሰላጤውን ማቋረጥ አለ፤ በመኪና ዙሪያውን መሄድም አለ። በመኪና ከሆነ በአሳል በኩል ነው፤ አባዬ እሱን ሲሰማ ዓይኑ በራ። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ፣ ጨውነቱ የባሕሩን አሥር እጥፍ የሚሆን ሐይቅ! «ከባሕር በታች ያለ ባሕር» ይለዋል። ጨዉ ግን እንደ ተሰበረ ብርጭቆ እግር ይቆርጣል አሉ። ከመኪናው ሳይወርድ ያየዋል፤ ከተስማማ።

እስከ ጅቡቲ ግን በባቡር ነው፤ በዚህ ድርድር የለም። አዲሱን ባቡር ሲሳደብ ውሎ ሲሳደብ ያድራል፣ ግን በሱ ነው የምሄደው ይላል። አሮጌው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ ነበር፤ ግን በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደርሶ ድሬን ከተማ ያደረጋት እሱ ነው። «ይኼኛው ሰፊ ነው፣ ፈጣን ነው፤ ግን ከተማውን ንቆ በውጭ ያልፋል» ይላል። ለገሃር በር ላይ ቆሞ ሲናገር ብታዪው፣ የተበደለ ዘመድ ነው የሚመስለው።

እማማን አንስቼ መተዌ... አየሽ፣ እዚህ ላይ እጄ ይያዛል። ያኔ ከጅቡቲ ያመጡልኝ ትልቁ ዛጎል አሁንም ኩሽናዬ ውስጥ አለ። ጠርዙ ተሸርፏል፤ ጨው አስቀምጥበታለሁ። በየቀኑ ጣቴን እከትበታለሁ፣ በየቀኑ እሳቸው ትዝ ይሉኛል። ታዲያ ለምን አልደወልሽም አትበዪኝ። አባዬ እስከ ዛሬ «እናቷ ባቡሩ ውስጥ ከመቀመጫ ሥር ምን እንደሚደብቁ አላውቅም ነበር» ብሎ ይምላል። ጨርቁን፣ ሽቶውን፣ ሁሉን ያውቅ ነበር።

አሁን ደግሞ የራሴን ልንገርሽ፤ ለባሌም አልነገርኩትም። ውሃ እፈራለሁ። ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ድሬን ካጥለቀለቀበት ከ1998ቱ ክረምት በኋላ ጉልበቴን ያለፈ ውሃ ውስጥ ቆሜ አላውቅም። አንቺ ከዚያች ሌሊት በኋላ ጅቡቲ ሄደሽ ባሕር ውስጥ ተቀመጥሽ፤ እኔ ደቻቱን በድልድይ እንኳ ስሻገር ወደ ታች አላይም። እና አባዬን ይዤ ባሕር የምገባው እኔ ነኝ። ሌላ ማን አለው?

ባለፈው ሰኞ ምን ሆነ መሰለሽ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አባዬ ቤት የለም። ፈልገን ፈልገን ደቻቱ ውስጥ አገኘነው። ደረቁ አሸዋ ላይ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ በከዘራው እየተደገፈ ይራመዳል። አሥር እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። የጎረቤት ልጆች ከበው ያዩታል። «ምን እያደረግክ ነው?» ብዬ ከላይ ጮህኩ። «እየተለማመድኩ ነዋ! አሸዋ ላይ መሄድ ሌላ ነው» አለኝ። እግሩን አየሁት፤ ጫማ ለብሶ የኖረ እግር እንዴት ነጭ ነው! ጣቶቹ አሸዋውን ይቆነጥጣሉ። ከዚያ ደከመውና እጁን ወደኔ ዘረጋ። ልጄን «ሂድ ያዘው» ልለው ነበር። ወረድኩ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ደቻቱ ውስጥ ስቆም የመጀመሪያዬ ነው። አሸዋው ሞቃት ነበር። አባዬ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ክንዴን ብቻ ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እንሄዳለን። ከታይዋን ገበያ የፕላስቲክ ጫማ ገዝቼለታለሁ፣ ሰማያዊ። ለኮራሉ ነው አልኩት። የሴት ነው ብሎ ተጣልቶኝ ነበር፤ አሁን ሌሊት አልጋው ሥር ነው የሚያስቀምጠው።

እንግዲህ እስከ ኅዳር አጋማሽ መልሺልኝ። ትኬት ከዚያ በላይ አላቆይም። እና... እንዴት ብዬ ልበልሽ፣ አዳማ ባቡሩ መንገድ ላይ ነው። ልጆቹን ለባልሽ አራት ቀን ብትተዪለት አይሞትም። ከመጣሽ አባዬን በአንድ በኩል አንቺ ትይዢዋለሽ፣ በሌላው እኔ። እኔን ማን እንደሚይዘኝ እዚያው እናየዋለን።

ካልመጣሽ የሽንት ቤቱን ነገር ብቻ ጻፊልኝ።

ያንቺው፣
ጠፊዋ